ሁሉ የሚጨፍርበት፣ ማንም ስሙን የማይጠራው

*ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ሙዚቃ አይጠፋም። ቤዝ ጊታሩን የሚጫወተው ሰው ግን ማን ነው?*

አዋሽ ሰባት ቀን ታሸልባለች፤ ማታ ትነቃለች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከጅቡቲ የሚወጡትና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ተሳቢዎች ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። ረዳቶች ጎማውን በብረት እየመቱ ያዳምጣሉ፤ አየር የጎደለው በድምፁ ይለያል። የሆቴል ሠራተኞች ደጁን ውሃ ይረጩታል። ጥብስ ሠሪው ከሰሉን ያራግባል። ከዚያ ሙዚቃው ይለቀቃል። አንዱ ቤት ማህሙድ አህመድን ይከፍታል፤ ጎኑ ያለው የአፋርኛ ዘፈን፤ ማዶ ያለው ደግሞ ሰሞኑን የወጣ የጭፈራ ዘፈን። መሐል ላይ ለቆመ ሰው ሦስቱም ይደበላለቁበታል። ወደ ባቡር ጣቢያው በኩል ራቅ እያለ ሲሄድ ግን ግጥሙም ዜማውም እየሳሳ ይቀርና ከሥር የሚመታው ወፍራም ድምፅ ብቻ ይከተለዋል።

ሾፌሮች ይህን ድምፅ ያከብሩታል። በዚህ መስመር ዓመታት ያስቆጠረ አንድ የቦቴ ሾፌር ከወንበሩ ጀርባ ያስገጠመውን ትልቅ ስፒከር በኩራት ያሳያል። «ቤዝ የሌለው ዘፈን ያስተኛኛል» ይላል። ቤዙን የሚጫወተው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ይስቃል። «እሱን ደግሞ ሰው ይጫወተዋል እንዴ? እኔ ከቴፑ ቁልፍ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።»

ብዙዎቻችን ከእሱ አንሻልም። ዘፋኙን በስሙ፣ ዘፈኑን በመጀመሪያ ስንኙ እናውቃለን። ሙዚቃ ወዳድ የሆነ ሰው ሳክስፎን ተጫዋቹን ይጠራ ይሆናል። ቤዙ ጋ ሲደርስ ዝም ነው።

አራት ወፍራም ክሮች

የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ወጣት መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። ከዚያ በፊት ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጠው ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው ኮንትራባስ ነው፤ በማርሽ ባንድ ደግሞ ቱባ። አዲሱ መሣሪያ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በታክሲ የሚጫን ሆነ። አራት ክር አለው። ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሰው ጆሮ መስማት ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ድምፁ የሚሰማን በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትም የሆነው ለዚህ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ለማውጣት ሰፊ ስፒከር ያስፈልጋል። የሞባይል ስልክም ሆነ የድሮዋ ትንሽ ራዲዮ አቅሙ የላቸውም። ታዲያ በስልክ ስንሰማ ቤዙ ጨርሶ የማይጠፋው ለምንድን ነው? አእምሯችን ነው ጉድለቱን የሚሞላው። እያንዳንዱ ድምፅ በላዩ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆችን ይዞ ይወጣል፤ ጆሮ እነዚህን ሲሰማ ከሥር ሊኖር የሚገባውን ራሱ ይገምታል። እናም ይህ አገር በካሴት ዘመን ቤዙን የወደደው በአብዛኛው ሳይሰማው፣ በግምት ነው። ተጫዋቹ ቢረሳ ምን ያስገርማል?

> በካሴት ዘመን ቤዙን የወደድነው ሳንሰማው፣ በግምት ነው።

በሐዳር የተሰማው ዘፈን

ከአዋሽ በገዋኔ በኩል ወደ ሰመራ የሚሄድ መንገደኛ ሚሌን ያልፋል። ከሚሌ ብዙም ሳይርቅ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ሐዳር የሚባል የተቦረቦረ ምድር አለ። ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽን ያገኘው እዚያ ነው። የውጭው ዓለም ሉሲ የሚላት ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው በግማሽ ያውቃል፦ በዚያች ሌሊት ካምፑ ውስጥ የቢትልስ «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ» በቴፕ ደጋግሞ ይጫወት ነበር። ተመራማሪዎቹ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ስሙም በዚያው ጸና።

በዋዜማው፣ ኅዳር 14፣ ደርግ አዲስ አበባ ላይ 60 ሰዎችን ረሽኗል። ሁለቱን ቀናት ጎን ለጎን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ ባሰብኩ ቁጥር አብረው ይመጡብኛል።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን የዘፈኑ ሥር ነው። ቤዙን የተጫወተው ፖል መካርትኒ ነው። መካርትኒ ቤዝ የያዘው ወዶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 የቡድኑ ቤዝ ተጫዋች ስቱዋርት ሰትክሊፍ ሲለቅ ቦታውን የሚሻ ጠፋ፤ የጊታሩ ቦታ ተይዟል፤ ቤዙ ለእሱ ተረፈው። ሃምቡርግ ውስጥ ቫዮሊን የሚመስል ቤዝ ገዛ። ሉሲ የተዘፈነችበት የ1967ቱ አልበም ሲሠራ ግን ነገር ተለውጦ ነበር፤ ሌሎቹ ተቀድተው ካለቁ በኋላ ብቻውን ስቱዲዮ እየቀረ ቤዙን በመጨረሻ ይቀዳ ነበር። የሚያጅብ ሳይሆን ከሥር ሌላ ዜማ የሚዘፍን ቤዝ የወጣው ከዚያ ነው። በዓለም ከታወቁ ኢትዮጵያውያን የምትቀድመው የአፋር ሴት ስሟን ያገኘችው እንዲህ ካለ ዘፈን ነው ማለት ነው።

የራስ ሆቴል ሰዎች

አዲስ አበባ በዚያው ዘመን የራሷ ቤዝ ተጫዋቾች ነበሯት። በራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ ይጫወታል። ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው፤ ጊታሩን ሰላም ሥዩም ወልደማርያም፤ ሳክስፎኑን ፍቃደ አምደመስቀል። ማህሙድ አህመድ «ኤረ መላ መላ»ን የሠራው ከዚህ ባንድ ጋር ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ ዳግም ሲታተም አውሮፓ የማህሙድን ድምፅ አወቀ። የማህሙድን ድምፅ የተሸከመውን ግን ማን ልብ አለው?

ያንን ዘፈን እስቲ ድምፃዊውን ትታችሁ ስሙት። ቤዙ ጥቂት ኖታ ይይዛል፤ ያንኑ ይመላለስበታል፤ አይቸኩልም። ዘፋኙ ሲጮህ እሱ አይጮህም። ዘፋኙ ሲያዝን እሱ አያዝንም። ሁሉም ሰው ወደፈለገበት እንዲሄድ የፈቀደው እሱ ከቦታው ስላልተነቃነቀ ነው።

ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የምዕራቡ ዓለም ቤዝ ተጫዋች መንገዱን የሚያገኘው ከኮርድ ነው፤ ጊታሩ ወይም ፒያኖው ኮርዱን ሲቀይር እሱም ሥሩን ይከተላል። የእኛ ባህላዊ ዜማ ግን ኮርድ አያውቅም። ማሲንቆውም ዘፋኙም በአንድ ዜማ ላይ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። (ከሚሌ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ የሚያልፍባት የገበያ ከተማ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙባት ባቲ ናት፤ ቅኝቱም ስሟን ይዟል።) ታዲያ በአምስት ድምፅ፣ ያለ ኮርድ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ምን ይሥራ? የጆቫኒ ሪኮና የዘመን ጓደኞቹ መልስ አጭርና የሚደጋገም ሐረግ መፍጠር ነበር፤ ከችክችካው ከበሮ ጋር ተቆላልፎ፣ ከዜማው ጋር ሳይጋጭ የሚዞር። ዛሬ የውጭ አገር ሰዎች «የኢትዮጵያ ግሩቭ» እያሉ የሚያደንቁት ግማሽ ያህሉ ይህ ነው። በእኔ ግምት ከግማሽም ይበልጣል።

አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ካሴቱ በገፍ የወጣበት ዘመን ነው። ነዋይ ደበበን ጨምሮ የዚያ ዘመን ድምፃውያን ብዙዎቹ ከኋላቸው ሮሃ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ሆቴል የገባ ጨፋሪ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ድምፃውያን ይፈራረቃሉ። ሳክስፎኑ ያርፋል። ቤዙና ድራሙ ግን የሚያርፉበት ዘፈን የለም። ከዚያ ዘመን የተረፉ ሙዚቀኞች ስለ ሌሊቱ ሲያወሩ የሚያነሱት ጣታቸውን ነው። የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች በተራ በተራ ክሩን ይስባሉ፤ ክሩ ብረት ነው፤ መጀመሪያ ይላጣል፣ ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻ ቆዳው ይጠነክራል።

የካሴቱ ሽፋን ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶ ነው። የባንዱ ስም ከታች በትንንሽ ፊደል። የተጫዋቾቹ ስም ብዙ ጊዜ የለም።

> ድምፃውያን ይፈራረቃሉ። ቤዙና ድራሙ ግን የሚያርፉበት ዘፈን የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም። ዲትሮይት ውስጥ ለሞታውን ኩባንያ ዘፈን በዘፈን ላይ ሲቀዳ የኖረው ጄምስ ጄመርሰን በአሜሪካ በብዛት ከተሰሙ ቤዞች ብዙዎቹን የተጫወተ ሰው ነው። ስሙ በሽፋን ላይ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1971 የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎዪንግ ኦን» ሲታተም ነው። እስከዚያ ድረስ ሚሊዮኖች በእሱ ጣት ጨፍረዋል።

የዋልያስ ባንዱ ቤዝ ተጫዋች መላኬ ገብሬም እንዲሁ። «ቸበለው» በተባለው የ1977ቱ እ.ኤ.አ. አልበም ላይ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ሥር ያለው እሱ ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ መላኬ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና ግርማ በየነ ግን እዚያው ቀሩ። ለጥቂት ዓመታት ዙላ ባንድ ብለው ተጫወቱ። ዓለም ከብዙ ዓመት በኋላ ኃይሉን በታክሲ መሪ ላይ ሲያገኘው ጋዜጦች ጻፉ፤ መጻፉም ደግ ነው። ስለ ቤዙ የተጻፈ ነገር ግን ፈልጌ ለማግኘት ተቸግሬአለሁ።

እሳተ ገሞራ በሮክ

አሁን ወደ ሰመራ እንለፍ። ከሰመራ በሰርዶ አድርጎ ወደ አፍዴራ የሚሄደው መንገድ የኤርታሌ ጎብኚዎች ከሚወስዷቸው መንገዶች አንዱ ነው። ኤርታሌ ከመቶ ዓመት በላይ የእሳት ሐይቅ ይዞ የኖረ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የኢትዮጵያ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በተራራው ስም ጠራው። ባንዱ ጃኖ ነው። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት፤ በአማርኛ ቅኝት ላይ የሚጮህ ጊታር።

አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው፤ ሙያው ደግሞ ቤዝ ተጫዋችነት።

የላስዌል ታሪክ ቤዝ ተጫዋች የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1955 ኢሊኖይ ተወለደ። ኒው ዮርክ ገብቶ ማቴሪያል የተባለ ቡድን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1983 የሄርቢ ሃንኮክን «ሮኪት» ሲሠራ ጃዝና የመንገድ ላይ ሂፕ ሆፕ አንድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ የሮክ ሰዎች ተሰለፉለት፦ ሚክ ጃገር፣ ሞተርሄድ፣ ኢጊ ፖፕ፣ ራሞንስ። የቦብ ማርሌይንና የማይልስ ዴቪስን የድሮ ቅጂዎች ዳግም እየቀላቀለ አዲስ አድርጎ አወጣ። በሁሉም ላይ አንድ ፊርማ አለው፦ ከሥር ይጀምራል። ሌላው ፕሮዲውሰር ድምፃዊውን አስቀምጦ ዙሪያውን ይሠራል፤ እሱ ቤዙን አስቀምጦ በላዩ ይገነባል።

ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ያስገባችው የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ ናት። በስሟ የተጠራው የ2001ዱ እ.ኤ.አ. አልበም የእሱ ሥራ ነው። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጋብዘውበታል፤ ቤዙ ግን የባለቤቷ የላስዌል ነው። ያኔ ብዙ ሰው «ድምጿን ሸፈኑት» ብሎ ቅር ተሰኝቶ ነበር። ዛሬ ያንኑ አልበም በጥሩ ስፒከር የሚሰማ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል፤ ድምጿ የሚንሳፈፈው ከሥሩ ያ ጥልቅ ነገር ስላለ ነው።

በ«ኤርታሌ» ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ። ታላላቆች «ይህ ጩኸት የኛ አይደለም» አሉ። ወጣቶች «ገና አሁን የኛ ሆነ» አሉ። ከሁለቱም ወገን የሰማሁት ስለ ጊታሩና ስለ ድምፃውያኑ ነው። አልበሙን የሠራው ቤዝ ተጫዋች መሆኑን ያነሳ አንድም ሰው አልገጠመኝም። እኔን ብትጠይቁኝ ጃኖ ከሌላው የጊታር ሙዚቃ የሚለየው በጩኸቱ አይደለም፤ ጩኸቱ በፀና ነገር ላይ በመቆሙ ነው።

ኪቦርዱ ሲመጣ

በመካከል አንድ ክፉ ዘመን አለ፤ ሙዚቀኞች ሲያነሱት ፊታቸው ይቀየራል። ከደርግ ውድቀት በኋላ ባንዶች ተበተኑ፤ ኪቦርድ ገባ። አንድ ሰው በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራው ቤዙን፣ በቁልፍ ድራሙን ያስነሳል። ባለ ሆቴሉ ለስድስት ሰው ከሚከፍል ለአንድ ይከፍላል። የሰርግ ደጋሽም እንዲሁ። በሰርግና በሆቴል ሲጫወቱ የኖሩ አንድ አንጋፋ ቤዝ ተጫዋች «መጀመሪያ የተባረርነው እኛ ነን» ይላሉ። «ሳክስፎን ይታያል፤ ያብረቀርቃል፤ ለፎቶ ይፈለጋል። ቤዝን ግን በቁልፍ ተኩት፤ ሰውም አላወቀም። አለማወቁ ነው የከነከነኝ።» አንዳንዱ ወደ አሜሪካ ሄደ። አንዳንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ገባ። ጥቂቱ ራሱ ኪቦርድ ተማረና ግራ እጁን ቤዝ አደረገው።

የባህል ምሽት ቤቶች ደግሞ በሌላ በር መለሱት። ክራሩን ትልቅ አድርገው፣ ወፍራም ክር ወጥረው፣ ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኙትና ቤዝ ክራር ወጣ። በነጭ ልብስ ተደርድረው ከሚጫወቱት መካከል ከጥግ የተቀመጠውን፣ ክራሩ ከሌሎቹ የሚከብደውን ተመልከቱ። እስክስታው በእሱ ላይ ነው የቆመው። ነገሩ ድንገት የመጣም አይደለም፤ አሥር ክሩ በገና ይህን ጥልቅ ድምፅ ለዘመናት ሲያሰማ ኖሯል፤ ልዩነቱ ሰው በጾም ወራት ተቀምጦ ያደምጠው ነበር እንጂ አይጨፍርበትም።

የአፋር ባህላዊ ዘፈን በመሣሪያ የበለጸገ አይደለም። ድምፅ፣ ጭብጨባና እግር ነው። ወንዶች ክብ ሠርተው ሲዘፍኑ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከደረታቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ይዘው ይቀበላሉ፤ መሬቱ በእግር ይመታል። ሰርግ ላይ ሲታይ ቤዝ ጊታር የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠሩት ተቀባዮቹ መሆናቸው ወዲያው ይገባል። በአፋርኛ ዘመናዊ ዘፈን የሚሠሩ ወጣቶች በአብዛኛው ኪቦርድ ላይ የተደገፉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ያንን የወንዶች አቀባበል በእውነተኛ ቤዝ ጊታር ቢይዘው ምን ዓይነት ነገር እንደሚወጣ ማሰብ ያጓጓል።

ሰመራ፣ ከሰዓት በኋላ

ሰመራ ከዛፍ ይልቅ ሕንፃ የቀደመባት ከተማ ናት። የአፋር ክልልን ዋና ከተማነት ከአሳይታ ተረክባ በሜዳ ላይ የተዘረጋች፤ ከሎጊያ ጋር በአንድ አስፋልት የተያያዘች። መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አዳራሾች። ሙዚቃ የሚፈለገው ለምረቃ፣ ለስብሰባ መዝጊያና ለሰርግ ነው። ሞንታርቦ ይቆማል፤ ጄኔሬተር ይነሳል።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከደጋ የመጡ ቤዝ የሚሞክሩ ተማሪዎች አይጠፉም። አንደኛው ምህንድስና ይማራል፤ ቤዙን ከአንድ ዘማሪ ወንድሙ ወርሶ ከደሴ ይዞት መጥቷል። የሙቀቱን ነገር ሲያወራ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ መሣሪያው ነው የሚያዝነው። እንጨቱ በሙቀት ይለጠጣል፤ ጠዋት የቃኘው ከሰዓት ይዛባል። ላብ ክሩን ያዝገዋል። የዛገ ክር ደግሞ ድምፁ ይታፈናል፤ ሲመቱት «ዱብ» ብሎ ይቀራል፤ አይዘልቅም።

ቤዝ ክር ውድ ነው፤ ሰመራ ደግሞ አይሸጥም። ስለዚህ ይቀቅለዋል። አራቱን ክር ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ በድስት ውሃ ውስጥ ይጨምራል፤ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ያደርግበታል። ውሃው ይጠቁራል። ለዓመት የተጠራቀመ የጣት ቆሻሻና ላብ ነው። ያወጣዋል፣ በጨርቅ ያደርቀዋል፣ መልሶ ይወጥረዋል። ለጥቂት ሳምንት እንደ አዲስ ይጮኻል። «የዶርም ጓደኞቼ ሻይ አፍልተህ አታውቅም፣ ክር ግን ትቀቅላለህ ይሉኛል» ይላል እየሳቀ።

የሚማረው ከስልኩ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ ምክንያቱም በስልኩ ድምፅ ማውጫ ቤዙ በደንብ አይሰማም። አሁን የያዘው የአይቤክስን የ1976ቱን እ.ኤ.አ. ያለ ድምፃዊ የተቀዳ አልበም ነው፤ በቅርቡ ዳግም ታትሟል። ዘፋኝ ስለሌለ ቤዙ ራቁቱን ይሰማል። አንዷን ሐረግ ሳምንት ሙሉ ደጋግሟታል። ኖታዎቹን አግኝቷቸዋል፤ ያላገኘው ሪኮ ጣቱን መቼ እንደሚያነሳ ነው። «መምታቱ ቀላል ነው፤ መተዉ ነው የከበደኝ» ይላል። «እሱ ክሩን የሚያፍንበት ቦታ አለ። ከድራሙ ትንሽ ይቀድማል። እኔ ስሞክረው ይዘገይብኛል።»

ለሚቀጥለው ወር ሎጊያ ላይ ሰርግ ተይዞለታል፤ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሁለት ዘፋኝና እሱ። ደጋሹ መጀመሪያ ኪቦርዱ ይበቃል ብሎ ነበር፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን ያለ ቤዝ አልሄድም አለ። ክፍያው ከዘፋኞቹ ያንሳል። በዚያው ገንዘብ አዲስ ክር አዟል፤ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው ገዝቶ ለአንድ ሾፌር ሰጥቶለታል። ሾፌሩ ትናንት አዋሽ ማደሩን በስልክ ነግሮታል። ዛሬ ሚሌ ላይ ምሳ ይበላል፤ ማታ ሎጊያ ይደርሳል። ልጁ የቀቀለውን ክር እስከዚያ ድረስ አልጋው ብረት ላይ ሰቅሎታል፤ አንዱ ቢበጠስ መለዋወጫ እንዲሆነው።